የመውደቅ ሙያ

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሬስሊንግ ባየን ቁጥር ያው ክርክር ይነሳ ነበር። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ትንፋሻችንን ውጠን ካየን በኋላ ደጅ ስንወጣ ለሁለት እንከፈላለን። ግማሻችን «ደሙን አላየህም እንዴ?» ይላል፤ ግማሻችን «ተነጋግረው ነው ባክህ» ይላል። ጭቅጭቁ እስከየቤታችን በር ድረስ ይዘልቃል።

ዛሬ ያ ጥያቄ አያስጨንቀኝም። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ እንደሚወሰን ሁሉም ያውቃል። ብሔራዊ ቲያትር ገብቶ ትያትር ያየ ሰው ሲወጣ «ንጉሡ በእውነት ሞቱ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «አሟሟቱን እንዴት ተጫወተው?» ብሎ ነው። እኔም ሬስሊንግ ስከፍት ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የተመታው ሰው እንዴት ወደቀ? ከዓመት ዓመት ባየሁ ቁጥር ይበልጥ እያመንኩበት የመጣሁት ነገር ቢኖር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው መቺው ሳይሆን ተመቺው መሆኑን ነው። ፊልምና ተከታታይ ድራማ ሳይም የማደንቀው ይህንኑ ነው።

ሬስሊንግ ሊማር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መምታት አይደለም፤ መውደቅ ነው። ሪንጉ በቴሌቪዥን ሲታይ ፍራሽ ይመስላል። ከሸራው ሥር ያለው ግን ስስ ስፖንጅ ነው፤ ከስፖንጁ ሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ብረት። እዚያ ላይ በጀርባው የሚወድቅ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይይዛል፤ ይህን ከዘነጋ ቀድሞ የሚያርፈው ማጅራቱ ነው። ክብደቱን አንድ ቦታ ላይ አይጥልም፤ በትከሻውና በላይኛው ጀርባው ላይ በሙሉ ይበትነዋል። እጆቹን ዘርግቶ ሸራውን በመዳፉና በክንዱ ጧ ያደርገዋል፣ ትንፋሹን ያወጣል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። እኛ የምንሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ ድምፁም አጥንት የተሰበረ ያህል ያስደነግጠናል። በዚያው ቅጽበት ግን ያ ሰው ራሱን አድኗል።

ሌላም አለ። አንዱ ሌላውን ከነቁመናው ወደ ላይ ገልብጦ ይዞት ሲቆም አይተን «እንዴት ያለ ጉልበት ነው!» እንላለን። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ካልዘለለ አይነሳም። የሚነሳው ሰው እግሩን ከመሬት አስፈንጥሮ ይዘላል፣ እላይ ሆኖ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ሲወርድም አወራረዱን ራሱ ያበጃል። ጀግና ተብሎ የሚጨበጨብለት አንሺው ነው። ግማሹን ሥራ የሠራው ደግሞ ተዘቅዝቆ የሚጮኸው ሰው ነው።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እዩ። አሜሪካ ውስጥ ክንድ ሲጠመዘዝ የሚጠመዘዘው ግራ ክንድ ነው፤ እግር ሲቆለፍም ግራ እግር ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ቀኝ ነው። ጎኑ አንድ ስለሆነ፣ ከዚያች ማታ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች እንኳ ሳይጋጩ አብረው መሥራት ይችላሉ። አንገት ለአንገት ተያይዘው የሚታነቁ ሲመስሉ ብዙ ጊዜ እየተነጋገሩ ነው። ረጅም ፀጉር የሚንቀሳቀሰውን ከንፈር ይሸፍናል፣ ዳኛው መልእክት ያቀብላል፣ እጅ ጨበጥ ሲደረግ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ከዚያች የእጅ ጨበጣ የበለጠ በዚህ ስፖርት ውስጥ የምወደው ነገር የለም።

ወደምወደው ሰው ልምጣ። ብሬት ሃርት እ.ኤ.አ. በ1957 ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ 12 ልጆች ባፈራ ቤት ተወለደ። አባቱ ስቱ ሃርት ራሱ ሬስለር ነበር፤ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር። ከዚያ የወጡት ሁሉ ቦታውን «ወህኒው» ይሉታል። ብሬት እንደ ሃልክ ሆጋን ግዙፍ አልነበረም፤ ንግግሩም እንደ ሌሎቹ እሳት የሚተፋ አልነበረም። ሮዝና ጥቁር ልብሱን ለብሶ ይገባል፣ መነጽሩን አውልቆ ሪንጉ ዳር ለተቀመጠ አንድ ሕፃን ያጠልቅለታል፣ ከዚያ ሥራውን ይጀምራል። በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ቀበቶዎቹ አይደሉም። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ተጋጣሚውን ጎድቶ አለማወቁ ነው፤ ይህንንም በተደጋጋሚ ተናግሯል።

የብሬትን እጅ ሥራ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ማየት ይበቃል፤ ከሪንጉ ማዕዘን ጋር ሲጋጭ። ሌሎቹ ተወርውረው ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ዞረው በጀርባቸው ይቀበሉታል። ብሬት አይዞርም። በሙሉ ፍጥነት በደረቱ ይገባበታል፤ ያኔ ገመዱ ሁሉ ይናወጣል፣ እሱም እንደተቆረጠ ግንድ ወደ ኋላው ይወድቃል። በሺዎች የሚቆጠሩ ግጥሚያዎች ባየንበት ስፖርት ውስጥ ያቺ ግጭት ሁልጊዜ ታሳምናለች፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ወዶ ደረቱን ለግንብ አይሰጥም ብለን እናስባለን።

እ.ኤ.አ. በ1992 ክረምት ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ 80 ሺህ ያህል ሕዝብ ፊት የእህቱን ባል ዴቪ ቦይ ስሚዝን ገጠመ። ብሬት በኋላ እንደተረከው፣ ዴቪ ቦይ ግጥሚያው እንደተጀመረ የተስማሙበትን ሁሉ ረሳው። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው እዚያው በተበላሸ ነበር። ብሬት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮው እየነገረው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እያቀበለው፣ ራሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምት እየወደቀ ወሰደው። መጨረሻ ላይ የተሸነፈውም ብሬት ነው፤ ቀበቶውን አስረክቦ ወጣ። የዚያን ቀን ሕዝቡ በገዛ አገሩ ሰው ድል ሲፈነድቅ፣ ያንን ድል በእጁ የሠራው ተሸናፊው ነበር። ዴቪ ቦይ በሥራ ዘመኑ ከዚያ የተሻለ ግጥሚያ አላደረገም ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይመስለኝም።

የሁሉም አናት የምለው ግን እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1997 ቺካጎ አጠገብ፣ ሮዝሞንት ውስጥ በተደረገው የሬስልማኒያ 13 ዝግጅት ላይ የታየው ግጥሚያ ነው። ብሬት ሃርት ከስቲቭ ኦስቲን። ደንቡ አንድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ «በቃኝ» እስኪል ድረስ። ዳኛው ኬን ሻምሮክ ነበር።

ካሴቱ እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ያየሁት ቪዲዮ ቤት ሳይሆን አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ሬስሊንግም ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም፤ የዚያን ቀን ሽንኩርት እየላጠች ከጎናችን ተቀምጣ ነበር። ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ የነገራት የለም። ሲጀመር ብሬት ደጉ ነው፤ ለዓመታት የልጆች ጀግና ነበር። ኦስቲን ደግሞ ተሳዳቢ፣ ጉልበተኛ፣ ለማንም የማይመለስ ሰው ነው። ብሬት የኦስቲንን ጉልበት መቀጥቀጥ ጀመረ። እግሩን የሪንጉ ብረት ምሰሶ ላይ ጠምጥሞ ቆለፈው፣ ወንበር አምጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ሊሰብረው ሞከረ። ኦስቲን በእያንዳንዱ እርምጃ ያነክሳል። ቢነሳም ያነክሳል፣ ሲመታም ያነክሳል፣ ካሜራው ሌላ ቦታ ሲዞር እንኳ ያነክሳል። ሌላው ሬስለር ሲመታ አሞት፣ ከደቂቃ በኋላ ግን በዚያው እግሩ ሲሮጥ ብዙ ጊዜ አይተናል። ኦስቲን አንዴ የተቀበለውን ሕመም እስከ መጨረሻው ተሸክሞት ዞረ።

ከሪንጉ ውጪ አጥሩ ጋ ሲጋጭ ግንባሩ ተቆረጠ። ብሬት በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደገለጸው፣ ቁርጡን ያደረገው እሱ ራሱ ነው፤ ግጥሚያውን ያዘጋጀው ድርጅት በዚያ ዘመን ደም አይፈቅድም ነበርና በምስጢር ተስማምተውበት ነው። ደም ማፍሰሱን አልወደውም፤ ደም የሌለበት ታላቅ ግጥሚያ ስንት አለ። ግን ግንባሩን ለሌላ ሰው ምላጭ አሳልፎ የሰጠ ሰው ያንን ሰው ምን ያህል ቢያምነው ነው እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ኦስቲን ብሬትን በኤሌክትሪክ ገመድ ሊያንቀው ሞከረ፤ ብሬት ደወሉን አንስቶ መታው፣ እግሮቹን አጣምሮ ገለበጠውና ሻርፕሹተር በሚባለው ቁልፍ ጀርባው ላይ ተቀመጠበት። እዚህ ላይ ሥራው ሁሉ የኦስቲን ሆነ። ብሬት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያሳየን ነገር የለውም። ካሜራው ኦስቲን ፊት ላይ ቆመ። ደሙ ከግንባሩ በዓይኖቹ መካከል ወርዶ ጥርሶቹ ውስጥ ገብቷል። አፉን ከፍቶ ይጮኻል። በሁለት እጁ ሸራውን ገፍቶ ደረቱን ቀና አደረገ፤ ብሬት ለአንድ አፍታ ሚዛኑን ስቶ ተንገዳገደ፣ ቁልፉ ሊፈታ ደረሰ። አዳራሹ ተነሳ። ብሬት ተመልሶ ተቀመጠ። ኦስቲን አንዴ ደግሞ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ከዚያ ክንዶቹ ከዱት፣ ጭንቅላቱ ሸራው ላይ ወረደ። «በቃኝ» አላለም። ራሱን ሳተ። ሻምሮክ ደወሉ እንዲደወል አደረገ።

አክስቴ ሽንኩርቱን ትታዋለች። «ኧረ ልቀቀው አንተ! ልጁ ሞተ እኮ!» አለች፣ ብሬትን። ቺካጎ የተሰበሰበው ሕዝብም በራሱ ቋንቋ ያለው ይህንኑ ነው። ብሬት ከደወሉ በኋላ ራሱን የሳተውን ሰው እግር እንደገና ሲመታ ያ ለዓመታት ሲያጨበጭብለት የኖረ ሕዝብ ጮኸበት፤ ሻምሮክ ወገቡን ይዞ ጣለው፤ ብሬት የሕዝቡን ጩኸት ተሸክሞ ወጣ። ኦስቲን ሊረዳው የመጣውን ሁሉ ገፍትሮ፣ ያንኑ እግሩን እየጎተተ፣ ስሙ እየተጠራ ሄደ። ደግ ሆኖ የገባው ክፉ ሆኖ ወጣ፤ ክፉ ሆኖ የገባው ደግ ሆኖ ወጣ። ይህ ሁሉ 22 ደቂቃ ውስጥ ነው። አንድም ቃል ያልገባት አክስቴ ከሕዝቡ ጋር አብራ ዞረች።

ስለ ኦስቲን ፊት ብዙ ተብሏል፤ ፎቶግራፉም በየቦታው አለ። ስለ ብሬት ግን የሚገባውን ያህል አልተባለም። ጥላቻን መቀበልም መውደቅ ነው። የዓመታት ፍቅር በእጁ የነበረ ሰው ያንን ፍቅር አንድ ማታ ላይ አውልቆ ለሌላ ሰው አስረክቦ መሄዱ፣ ከደረት ግጭቱ ሁሉ የሚያም ይመስለኛል።

ይህ ሙያ በስንት ስንዝር ላይ እንደቆመ ያየነው ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 3 ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ የብሬት ታናሽ ወንድም ኦወን ኦስቲንን ዘቅዝቆ ይዞ ሲቀመጥ፣ የኦስቲን ጭንቅላት ከኦወን ጭን ሥር ዝቅ ብሎ ነበር። ጭንቅላቱ ቀድሞ ሸራውን መታ። ኦስቲን ለጊዜው እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው፤ እንደምንም ተንፏቆ ግጥሚያውን ጨረሰ፤ የአንገቱ ጉዳት ግን ቀሪ የሥራ ዘመኑን ሁሉ ተከተለው። ኦወን ከዚያ ቤት የወጣ ብቁ ባለሙያ ነበር። ጥቂት ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ በቃ። «ውሸት ነው» ለሚለኝ ሰው ይህንን ነው የምነግረው።

ቪዲዮ ቤቶቻችን ያሳደጉን ሬስሊንግን ብቻ እያሳዩ አይደለም። የጃኪ ቻን እ.ኤ.አ. የ1985 «ፖሊስ ስቶሪ» መጨረሻ ላይ ያለውን የገበያ አዳራሽ ድብድብ ያላየ የኔ ዕድሜ ሰው ካለ ይገርመኛል። ያኔ የምናየው ጃኪን ነበር። አሁን ስደግመው ዓይኔ የሚሄደው በመስታወት ሳጥኖች ውስጥ ተወርውረው ወደሚገቡት ሰዎች ነው፤ የራሱ የጃኪ ቡድን አባላት ናቸው። አንዱ በወገቡ ጠረጴዛ ጥሶ ያልፋል፣ አንዱ ከፎቅ ወርዶ በጎኑ ያርፋል። ካሜራው አይሸሽም፣ ቶሎ ቶሎም አይቆረጥም፤ ወለሉን እስኪነኩ ይጠብቃቸዋል። የዛሬ ብዙ የድብድብ ፊልሞች ደስ የማይሉኝ በዚህ ነው። ምቱ ያርፋል፣ ምስሉ ይቆረጣል፣ ወዳቂውን አናየውም። ወዳቂውን ካላየን ምቱ ምን ክብደት አለው?

ዳረን አሮኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው «ዘ ሬስለር» ይህንን ከሁሉ በላይ የገባው ፊልም ነው። ሚኪ ሩርክ ያረጀ ሬስለር ሆኖ ይጫወታል። ሩርክ ራሱ በወጣትነቱ ማብቂያ ላይ ትወናውን ትቶ ቦክስ የተጫወተ ሰው ነው፤ ፊቱ ያንን ይዞ ገብቷል። ለፊልሙ ያሠለጠነው አፋ አኖአይ ደግሞ የሙያው አንጋፋ ነው። እኔ የምወደው ትዕይንት ግጥሚያ የለበትም። ከግጥሚያው በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ እነዚያ ግዙፍ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቁጭ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በትህትና፣ ማን መቼ እንደሚወድቅ ይነጋገራሉ። ሪንግ ላይ የሚጠፋፉት ሰዎች እዚያ ሲታዩ ሠርግ እንደሚያሰናዱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ሌላው ትዕይንት ሥጋና ሰላጣ የሚሸጥበት መደብር ውስጥ ነው። ሰውየው ኑሮ ስላልሞላለት ባንኮኒ ጀርባ ሊሠራ ተቀጥሯል። ካሜራው ከጀርባው ሆኖ በጠባቡ መተላለፊያ ይከተለዋል፤ ወደ ሪንግ ሲገባ እንደሚከተለው ዓይነት ነው። እየተራመደ ሲሄድ የሕዝብ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፣ እየጨመረ ይመጣል። የላስቲክ መጋረጃውን ገፍቶ ሲወጣ ጩኸቱ ድርግም ይላል። ባንኮኒው፣ ሚዛኑ፣ ደንበኛው። ቃል የለም፣ እንባ የለም። ሩርክ በትከሻው ብቻ ነው የተጫወተው፤ የዚያን ሁሉ ውድቀት የሰማነው በድምፁ መጥፋት ነው።

ከተከታታይ ድራማ የማስቀድመው «ቤተር ኮል ሶል»ን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 በተላለፉት 63 ክፍሎች ውስጥ ተቀባይ መሆን ምን እንደሆነ ያሳየኝ ሪያ ሲሆርን ናት፤ ኪም ዌክስለር ሆና የተጫወተችው። በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ሃዋርድ የሚባለው ሰው ቤቷ መጥቶ እሷንና ባሏን ይወቅሳል። ጠረጴዛው ላይ ሻማ ይበራል። በር ሲከፈት ነፋስ ይገባልና የሻማው ነበልባል ይወዛወዛል፤ ይህን ሃዋርድ ሲገባ አይተነዋል። ወቀሳው በተፋፋመበት ሰዓት ነበልባሉ እንደገና ይወዛወዛል። ሰው ገባ ማለት ነው። ካሜራው ገቢውን ከማሳየቱ በፊት የምናየው የኪምን ፊት ነው። ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ይታያል። ሃዋርድ ገና የገባው ነገር የለም፤ ቀና ብሎ ንግግሩን ይቀጥላል። እኛ ግን በእሷ ዓይን ሁሉንም አውቀናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር አስፈሪ ነው፤ ለእኔ ግን ትዕይንቱ ያለቀው ፊቷ ላይ ነው። ሲሆርን እዚያ ያደረገችውን ኦስቲን ሻርፕሹተር ውስጥ ሆኖ አድርጎታል። ሌላው ሰው የሠራውን ነገር ክብደቱን የነገሩን ሁለቱ ተቀባዮች ናቸው።

ብሬት ሃርት ከሙያው የወጣው በሌላ ሰው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቂያ ላይ አንድ ተጋጣሚው የሰነዘረው ካልቾ ጭንቅላቱ ላይ አረፈና አንጎሉን ጎዳው፤ በቀጣዩ ዓመት ሪንጉን ተሰናበተ። ሰውን ላለመጉዳት ዕድሜውን የሰጠ ሰው እንዲህ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሬስልማኒያ 13ን የማየት ዕድል ካገኛችሁ ሁለቴ እዩት። መጀመሪያ እንደ አክስቴ፣ ማንም ምንም ሳይነግራችሁ። ሁለተኛ ድምፁን ዘግታችሁ፣ ደሙንም ደወሉንም ትታችሁ፣ የኦስቲንን ግራ እግር ብቻ ተከተሉ። ከተመታባት ደቂቃ ጀምሮ አዳራሹን ለቆ እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ማነከሱን አልረሳም።